በአክስቴ ሳንባ ላይ ቁልፍ ላላዩት የራጅ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ አምሐ
የራጅ ክፍል ኃላፊ
ስሙን ባልጠራውም ራሱን በሚያውቀው ሆስፒታል
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ በተለይም ትንፋሹ እንደ ልብዎ ነው ወይ? የእኔን ከጠየቁ፣ ደህና ነኝ። የአክስቴን የየትነበርሽን ጤና ግን እርስዎ «ደህና» ብለው ስላተሙበት፣ እኔ ማን ነኝና አፌን እከፍታለሁ? ባምላክ እባላለሁ፤ ዘጠነኛ ክፍልን ጀምሬ የተውኩ፣ አራዳ ላይ ስልክ የምጠግን፣ ሰው ካልተረብኩ ቁርስ የማይወርድልኝ ልጅ ነኝ። ዛሬ ግን ስለ ክብርዎ ስል ትረባዬን በትሕትና ጠቅልዬ አቅርቤያለሁ፤ ሲፈቱት እጅዎን ቢወጋዎ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። አክስቴ ከጠዳ ወጣ ብላ የምትኖር ገበሬ ናት። ከክረምቱ ጀምሮ ሳሉ አልለቃት አለ፤ ቀሚሷም ከሰውነቷ እየሰፋ ሄደ። ለምኜም ቀልጄም አልሆን ሲለኝ፣ እየጎተትኩ ወደ እርስዎ ዘንድ አመጣኋት። የደረት ራጅ ታዘዘላት፤ ተነሳች፤ ውጤቱም ማኅተም ተመትቶበት ወጣ፦ «ልብና ሳንባ ጤናማ ናቸው፤ የተለየ ነገር አልታየም።» ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. አክስቴ አንገት ላይ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን እናቶች ማተብ አለ። በማተቡ ላይ የነሐስ መስቀል፣ የሳጥን ቁልፍና የጆሮ ኩክ ማውጫ ተንጠልጥለዋል። የራጁን ፊልም ከሱቄ መስኮት ላይ ለጥፌ ባየው፣ ሦስቱም በግራ ሳንባዋ ላይ እንደ ፀሐይ ነጭ ሆነው ተኮልኩለዋል። ቁልፉን እኔ ያለ መነጽር አይቼ ጥርሱን ሁሉ ቆጠርኩት። እርስዎ ግን «የተለየ ነገር አልታየም» ብለዋል። እንግዲህ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ ወይ በሕክምናዎ ሳንባ ላይ የሳጥን ቁልፍ መገኘቱ የጤና ምልክት ነው፣ ወይ ፊልሙን ሳያዩ ፈርመዋል። ክብርዎን ስለምጠብቅ የመጀመሪያውን አምኛለሁ፤ የእኔንም ሳንባ ቁልፍ ጎድሎት እንደሆነ አይተው ይንገሩኝ።

2ኛ. ነጃት የምትባል ደንበኛዬ የሕክምና ተማሪ ናት። ስልኳን ስጠግንላት ፊልሙን ለማሳቅ ብዬ አሳየኋት። መጀመሪያ እውነትም ሳቀች፤ ከዚያም የራጅን ሀሁ አስተማረችኝ። ራጅ ጥላ ነው አለችኝ። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ያልፋል፤ አየር የሞላው ሳንባ ብዙም ስለማያግደው ጠቁሮ ይወጣል፣ አጥንት ስለሚያግደው ይነጣል፣ ብረት ግን ጭራሽ አላሳልፍም ስለሚል ከሁሉም በላይ ይነጣል። የፊቱም የኋላውም በአንድ ገጽ ላይ ስለሚነባበር፣ ደረት ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ሳንባ ውስጥ የተቀበረ ይመስላል፤ ከብረቱ ኋላ ያለው ደግሞ ምንም ይሁን ምን አይታይም። ይህን ስትነግረኝ ቆይታ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አስጠጋች፤ ሳቋንም አቆመች። ከመስቀሉ ክንድ ሥር ጉም የመሰለ ጠርዝ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ቀሪው በነሐሱ ተሸፍኗል። «ምንድን ነው?» ብላት፣ «እኔ አላውቅም፣ ከዚህ ፊልም ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እንደገና መነሳት አለባት፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ» አለችኝ። ስልኳንም ሳትወስድ ወጣች።

3ኛ. ለራጅ አንሺ ባለሙያዎ ለአቶ ኢዮስያስ ጨዋነት ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። እናቱ የምትሆነውን ሴት «አውልቂ!» አላት። እርሷም «ምነው ልጄ፣ ክርስትና ስነሳ የታሰረልኝን ማተብ ፈትቼ በማን ስም ልቁም?» አለችው። «እንግዲያው እንዳሻሽ» ብሎ እንዳለች አነሳት። ፈትታ እንድትጥለው ማን አስገደደ? ክሩን ሳትፈታ ወደ ላይ ሰብስባ መስቀሉን በጥርሷ ብትይዘው ከደረቷ ይነሳ እንደነበር ነጃት ነግራኛለች። «እማማ፣ እንዲህ ይያዙት» ለማለት የሚጠፋው ጊዜ ከንትርኩ ያንስ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ በጎንደርና በዙሪያዋ ማተብ የሌለበት አንገት ስንት ነው? ስንቱ ሰው ከመስቀሉ ኋላ ያለውን ነገር ይዞ፣ «ደህና ነህ» ተብሎ፣ ደስ ብሎት ወደ አይከል፣ ወደ ጠዳ ተመለሰ? የሄዱትን የሚያውቅ የለም፤ ያልተመለሱትንም የሚጠይቅ የለም።

4ኛ. ሲቲ ስካንዎ በሚያምር ሸራ ተሸፍኖ በመቀመጡ ከአቧራ ስለተረፈ እንኳን ደስ ያለዎ። እርሱ እንደ ራጅ ሁሉን ነገር በአንድ ጥላ አያነባብርም አሉ፤ በሰው ዙሪያ እየዞረ ያነሳል፤ ድፎ ዳቦን በቢላ ሳይነኩ ስስ ስስ አድርጎ ቆርሶ እያንዳንዱን ቁራሽ እንደ ማየት ነው። ሁለተኛው ራጅ አንድ ነገር ካሳየ የሚቀጥለው መንገድ እርሱ ነው አለች ነጃት። ሸራው የሚገለጥበት ቀን ከአክስቴ ቀን እንዲቀድም እጸልያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ቁጥር አልሰጠውም። አክስቴ ተመልሳ አትመጣም። ወረቀትዎን አጣጥፋ በቦርሳዋ ይዛለች፤ ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች፤ «ሐኪሙ ሸጋ ሳንባ አለሽ ብሎኛል» ትላለች። በዚህ ሳምንት መሐረቧ ላይ ደም አየሁ። ስጠይቃት «ድዴ ነው» አለችኝ። እንደገና እንነሳ ብላት «አንተ ተራቢ፣ ደግሞ ምን ልትጫወትብኝ ነው? ማኅተም ያለበትን ትቼ አንተን ልስማ?» ብላ አባረረችኝ። አንድ ጊዜ ልብሷ ላይ እባብ አለ ብዬ ያስጮኽኳት ልጅ ነኝና አልፈርድባትም። እኔ እያለቀስኩ ብነግራት እንኳ ቀልድ ነው የምትለው። እርስዎ ግን እየቀለዱ ቢነግሯት ታምንዎታለች። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ «ተሳስተናል፣ ነይ» የሚል ቃል ከአንደበትዎ ይውጣላት። ማኅተም ከመምታት አይከብድም።

ፊልሙን እንደ ቅርስ በሱቄ መስኮት ሰቅዬ የምጠብቅልዎ፣ በደጅዎ ባልፍ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ዓይንዎም እንዲበራ አዘውትሬ የምማልድ፣ የማይለቅዎ አገልጋይዎ

ባምላክ ዳኛው
ከአራዳ

ማስታወሻ፦ ይህን በፌስቡክ ልለጥፍ ስል አክስቴ ደወለች። ስለ ደብዳቤው አልሰማችም። «ያን የደህና ዜና ሐኪም ሳላመሰግነው ቀረሁ፤ ነገ ማር ይዤለት እመጣለሁ» አለችኝ። ደረጃዎን ስትወጣ መሐል ላይ ቁጭ ትላለች፣ አይደናገጡ፤ ትንፋሽ ፍለጋ ነው። ማሩን ከመቀበልዎ በፊት ጆሮዎን ደረቷ ላይ ያድርጉ። ተቀመጪ ካሏት ትቀመጣለች፤ እንደገና ተነሺ ካሏት ትነሳለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ከሸኟትም፣ ደስ ብሏት ትሄዳለች።