ከበሩ ውጭ የሚሰማ ዘፈን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቃሊቲ ያለ አንድ ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ ሰርቪሱ አቃቂ ያወርደኝ ነበር። በራችን ጋ ስደርስ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ዕቃ እያጠቡ ሲዘፍኑ እሰማለሁ። ለዚያ ድምፅ ብዬ ነው የቃሊቲውን ቢሮ ለቅቄ የዘፈን ሥራቸው ማናጀር የሆንኩት።

ዛሬ ትንሿ፣ ሐና፣ ካልሲ እያጠበች ማንጎራጎር ጀመረች። ልቀዳት ስልኬን ሳወጣ አየችኝ።

«አባዬ፣ ልምምድ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ቀጥይ» አልኳት። አልቀጠለችም። ማናጀር ከሆንኩ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለ ፕሮግራም የሚዘፍን የለም።

አመሻሽ ላይ ዳቦ እንዳለን እያወቅኩ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ጋ ቆምኩ። ታላቋ ጀምራለች፤ ሐና እየተቀበለቻት ነው። ልክ እንደዚያን ጊዜ።

ትኩሱ ዳቦ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በሩን አላንኳኳሁም።