ምላሴ ዝም ካለ ወዲህ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ባልሽ፣ አማትሽ፣ ትንሿ ልጅሽ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ግን መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል። ቢሆንም «ሥራው ይብቃህና ወደኛ ና» የምትይኝን አሁንም አልቀበልም።

የሾርባ ዱቄት ፋብሪካችን አዲስ የውጭ ገዢ አገኘና፣ እኛ ቀማሾቹ ጣዕሙን በእንግሊዝኛ እንድንናገር ታዘዝን። አለቃችን ቃላቱን በኛው ፊደል ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችልን። ፈረንጅ ነገሩን አላከበደውም፤ የቅመሙን ስም ይወስድና ጭራ ይቀጥልለታል። ጨው ጨው ሲል ሶልቲ፣ ቅቤ ቅቤ ሲል በተሪ፣ ሎሚ ሎሚ ሲል ሌመኒ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ሲል ፔፐሪ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲል ጋርሊኪ። መንገድ ለመንገድ እያጉተመተምሁ ከወጣቶቹ ቀድሜ ሸመደድኋቸው። «አባባ ፈረንጅ ሆኑብን!» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ቃሉ ሲመጣ ጣዕሙ ሄደ። ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምላሴ ዝም አለ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። አጠገቤ የምትቀመጠውን ሴትዮ ፊት እያየሁ እመልስ ነበር፤ ግንባሯን ስትቋጥር ፔፐሪ፣ ምራቋን ስትውጥ ሌመኒ። ማክሰኞ ሴትዮዋ ቀረች። ስኒዬን ፉት አልሁና ደረቴን ነፍቼ «በተሪ!» አልሁ። አለቃችን ቀስ ብላ «አባባ፣ እሱኮ ለመፈተኛ ያስቀመጥሁት ባዶ ሙቅ ውሃ ነው። ሐኪም ይይዎትና ይመለሱ፤ እስከዚያ ማሸጊያ ክፍል ይሥሩ» አለችኝ። ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ነው። ሎሚ ነከስሁ፤ ጥርሴን አጠረሰው እንጂ ሎሚ አላለም። ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን አኘክሁ፤ አቃጠለኝ፣ በቃ።

የሚያስፈራኝ ሥራው አይደለም ልጄ። እናትሽ ከመሞቷ በፊት ያሰናዳችው ቅመም በጠርሙስ አለ። እንዳያልቅብኝ እሑድ እሑድ በጣቴ ጫፍ እቀምሰዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሽር ጉድ የምትል ይመስለኛል። ባለፈው እሑድ አመድ ሆነብኝ። ጠርሙሱን ከድኜ ወጣሁና እግሬ እስኪዝል ሰፈሩን ዞርሁ።

የቅመሙን ግማሽ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ቅመሺና ምን ምን እንደሚል ጻፊልኝ፤ በኛም ቋንቋ ቢሆን በፈረንጁ፣ ሁለቱም ይገባኛል። ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ አለቃዬ ስላለችኝ ግን አይደለም።

ባልሽን በርታ በይልኝ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ከቅመሙም አቅምሻት፣ አያቷን እንኳ በዚያ ትወቃት።

አባትሽ
ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከዚያው ከቤቴ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ