ከመንጋጋዬ ኋላ ያለው ባዶ ቦታ

መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፳፩

የድሬዳዋው ባቡር ዛሬም ዘገየ። ወለንጪቲ ላይ ላም ሐዲዱ ላይ ተኝታ ነው አሉ። ፈረንሳዊው የጣቢያ ሹም የላሟን ባለቤት አስጠርቶ በፈረንሳይኛ ከነዘር ማንዘሩ ሰደበው። ባላገሩ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ ጌታው?» አለኝ። «ስለ ላምህ ጤና ይጠይቃሉ።» ባላገሩ እጅ ነሥቶ መረቀ፤ ሹሙ ይቅርታ የተጠየቀ መሰለው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ። የአዳማ ጣቢያ አስተርጓሚ ማለት ይኸው ነው…

ከሥራ ስወጣ አጎቴ መርዳሳ ቤት ገባሁ፤ የመስቀሉ በሬ ገና አላለቀም። አጎቴ በቅሎ ነጋዴ ነው። የፍጡርን ሁሉ ዕድሜ ጥርስ አይቶ ነው የሚናገር። ቄሱ እንኳ እሱ ፊት አይስቁም። ጥሬውን እየቆረጥኩ ስስቅ ድንገት አገጬን ያዘኝ።

«ክፈት እስቲ።»

«ልሸጥ ነው እንዴ አጎቴ?»

«ክፈት አልኩህ!» በርበሬ የነካ ጣቱን እስከ ጉሮሮዬ ከተተ። «የመጨረሻው መንጋጋ የታለ?»

«አልበቀለም።»

«ሠላሳ አልፎህ?»

«ገና ልጅ ነኝ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ ብቻ አልሳቀም። «የገርባ ዘር አራቱንም ያወጣል። አባታችን ገርባ በዚያ መንጋጋ የበሬ አጥንት ይሰብር ነበር» አለ። ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። ሲያኝክ ግን ዓይኑ አፌ ላይ ነበር። በቅሎ ሊገዛ ሲል እንደዚያ ነው የሚያይ… ምን አስቦ ይሆን?

ጥቅምት ፰

ያሰበውን ዛሬ አወቅሁ። ከሶኛል።

ክሱ፦ ሙሉአለም የወንድሜ የሁንዴ ልጅ አይደለም፤ ስለዚህ የሁንዴ መሬት ለእኔ ይገባል። ማስረጃው፦ የተከሳሽ አፍ።

አባቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ ሲሞት ያንን መሬት ትቶልናል፤ እናቴ ዘርፉ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ሐዲዱ አጠገብ ነው። ባቡር ሳይመጣ መሬቱ የጅብ ነበር፤ ያኔ አጎቴ ማን ወለደህ ብሎ አያውቅም። አሁን ዓረቡም ሕንዱም የሱቅ ቦታ ሲፈልግ… የእኔ መንጋጋ አሳሰበው።

ለእናቴ ነገርኳት። «አፉን ከእኔ ወሰድክ፤ ጥርሱን ካባትህ መውሰድ አቃተህ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ዞር ብዬ ሳያት እሷ አልሳቀችም።

«ቤቱን ይውሰደው ሙሌ። ግን እኔን ምን እያለኝ ነው?»

ምን እያላት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከቡልጋ በልጅነቷ ተድራ መጣች፤ እዚህ ከስሟ በቀር ሌላ ዘመድ የላትም።

ጥቅምት ፲፬

ሙሴ ያኒ ዘንድ ሄድኩ። ግሪካዊው ጥርስ ነቃይ በባቡር መጥቶ ጣቢያው ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቷል፤ የምንግባባው በፈረንሳይኛ ነው። ሣጥኑን የጀሶ መንጋጋ ሞልቶታል፤ በየተራ እያወጣ እንደ ልጆቹ አስተዋወቀኝ። አንዱ የዛሬ ሰው ነው። አንዱ ከዋሻ ተቆፍሮ የተገኘ የጥንት ሰው አምሳያ ነው፤ ረጅም፣ ሰፊ፣ ጥርሱ እስከ ጆሮ ግንድ የደረሰ።

አፌን በመስታወት አየ። «ምንም! ከላይም ከታችም! ድንቅ ነው!» እጁን አፋተገ። ለሱ ድንቅ ነው…

«በእኛ አገር የጥበብ ጥርስ ይባላል፤ ሰው ልብ ሲገዛ ስለሚበቅል።»

«እኔ የለኝም ማለት ታዲያ…?»

«ለእሱ ሌላ ሐኪም ፈልግ።»

እኔን የሚመስል ምላስ አለው፤ ወደድኩት። ከዚያ ቁም ነገሩን አመጣ። በአንድ ቤት አራት ወንድማማች አይቷል፦ አንዱ አራቱንም አውጥቷል፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ አንዲት፣ አንዱ እንደኔ ባዶ። አባት ሙሉ ሆኖ ልጅ ባዶ ይሆናል። «ጥርስ አባት አይመሰክርም፤ አባት አይክድምም» አለ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ለምን ይጠፋል ብዬ ብጠይቀው፣ «በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ የሚመስለን ግን» አለና ወንበሩን ሳበ። ከቁጥር በላይ በሆነ ዘመን፣ አያቶቻችን ሥርና ጥሬ ሥጋ ሲያኝኩ መንጋጋቸው ረጅም ነበር። እሳት መጣ፣ ወፍጮ መጣ፤ ከትውልድ ትውልድ መንጋጋው አጠረ። መጨረሻ የሚበቅለው ጥርስ ሠርግ ቤት ዘግይቶ እንደደረሰ እንግዳ ሆነ። አንዱ ተጋፍቶ በጎን ይገባል፣ አንዱ ድዱ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ አንዱ ጭራሹን አይመጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ፣ «ከጦጣም ጋር የሩቅ ዘመድ ነን።»

«ይቺን ችሎት ፊት አታውጣት።»

«እኔ የእውቀት ሰው ነኝ!»

ስወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፦ «አትዘን፤ አንተ ቀድመህ የመጣህ ሰው ነህ።»

ቀድሜ መጣሁ… ታዲያ ሌሎቹ እስኪደርሱ የት ልደር?

ጥቅምት ፲፭

ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ ዋልኩ። ጭነት አውራጁ ራህመቶ ከላይ ሁለት፣ ከታች የለም። ሚዛን ያዡ ሦስት፤ አንዱ ተጋድሟል። ሳምቡሳ ሻጯን ኡሙሰልማን አፍሽን ክፈቺ ብላት በሻሿ ጫፍ መታችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሳምቡሳውን አይተህ ግዛ እንጂ እኔን አይተህ ነው የምትገዛ?» ስትሳደብ አየሁ። አራቱም አሏት።

እንዲህ ነው እንግዲህ የአዳም ልጅ፤ አንዱ አፍ ካንዱ አይገጥምም። ተስፋ አደረብኝ። ተስፋ ሲያድርብኝ ደግሞ እፈራለሁ…

ኅዳር ፫

ችሎት። ፊታውራሪ ገሠሠ ከግራሩ ሥር ተቀምጠዋል። አገር ሁሉ መጥቷል፤ ገበያ የተፈታ ይመስላል።

አጎቴ ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ። «በላ ልበልሃ! በቅሎ ተወራርጃለሁ!»

«የትኛዋን? ጥርሷ ያለቀችውን?» አልኩት።

ሰው ሳቀ። ፊታውራሪም ፈገግ አሉ። የሙግት መጀመሪያ እንዲህ ሲሆን ልብ ይሞቃል።

ለሙሴ ያኒ አስተርጓሚ ታጣ። አዳማ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያውቅና በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያልነበረ ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። አጎቴ ምንም አላጉረመረመም። «ግድ የለም፣ እሱው ያስተርጉም፤ በመስቀሉ ይማል እንጂ» አለ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር…

ማልኩ። ሙሴ ያኒ አራቱን ወንድማማች ተናገረ፣ በትክክል አስተላለፍኩ። እሳቱን፣ ወፍጮውን፣ ያጠረውን መንጋጋ ተናገረ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴን ከሴቶቹ መሐል አየኋት፤ አንገቷ ቀና ብሏል። አሸንፌ ነበር። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት አሸንፌ ነበር።

ፊታውራሪ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «እኔ አራቱም አሉኝ። ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ ይላል ፈረንጁ?»

ሙሴ ያኒ ባርኔጣውን አውልቆ አጎነበሰ፦ «ጌታዬ የጥንት አያቶቻችንን መልክ ይዘው ኖረዋል።» ማር የመሰለ መልስ። እንዳለ ባቀብለው የእናቴ ቤት ዛሬ በዳነ።

ምላሴ ግን… ምን ሰይጣን ነው የሚቀመጥባት?

«ጌታዬ ለጦጣው ይቀርባሉ ይላል።»

አገር በሳቅ ወደቀ። ከዚያ የፊታውራሪን ፊት አየ። ሳቁ እንደ መጣ ተመልሶ ገባ፤ የአህያ ጆሮ ሲርገበገብ ይሰማ ነበር።

አጎቴ አልተቆጣም። ገበያ ሲደራለት አይቆጣም። «ጌታዬ፣ ጦጣ ያለው የዚህ ባለጌ አፍ ነው። ፈረንጁ ግን እውነት ተናገረ። የበሰለ የሚበላ ዘር መንጋጋው ያጥራል አለ። እኛ ጥሬ ሥጋ እንበላለን። ሁንዴ ይበላ ነበር። የዘርፉም አገር ይበላል። ታዲያ የዚህ ሰውዬ መንጋጋ ከየት አጠረ? የበሰለ ብቻ የሚበላ ማን ነው?»

ከኋላ አንዱ «ፈረንጅ!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ አላልኩም! እሱ ከመወለዱ በፊት በነበረው በጋ ግን፣ ሶደሬ ፍል ውሃው ዳር ድንኳን የተከለ አዳኝ ፈረንጅ እንደነበር ሽማግሌ ያውቃል። ፈረንሳይኛስ ቢሆን እንዴት ባንድ ክረምት ገባው?»

እንደ ከሰል የጠቆርኩ ሰው መሐላቸው ቆሜያለሁ። ቀለሜን ያየ የለም፤ ሁሉ አፌን ያያል። ሙሴ ያኒ እጅጌዬን እየጎተተ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለኛል። እኔስ ለማን ላስተርጉም?

እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

ኅዳር ፬

ለሙሴ ያኒ የአጎቴን ክርክር ነገርኩት። ጢሙን እየጎተተ አሰበ። «ስሕተት ነው። ይህ ለውጥ ብዙ ሺህ ትውልድ ይፈጃል፤ ባንድ አባት አይመጣም፣ ባንድ ድንኳንም አይመጣም።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አላልክም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንተ እኮ ድዳ ሆነህ ቀረህ።»

ኅዳር ፲፱

ተፈረደ። መሬቱ ለመርዳሳ። እናቴ አዝመራው እስኪነሣ ትቆይ፣ ከዚያ ትውጣ። ስሟን ፊታውራሪ አላነሡትም። ሳያነሡት ግን ፈረዱበት። ወደ አዲስ አበባ ይግባኝ ልበል ብዬ አሰብኩ… ሄጄስ? እዚያም አፌን ክፈት ነው የሚሉኝ።

ታኅሣሥ ፳፬

እናቴን አወጣኋት። ዕቃዋ አንዲት አህያ አልሞላም። የአጎቴ ሚስት ሎሚ እንስራውን ተሸክማ እስከ ሐዲዱ ሸኘችን። ስትመለስ እናቴን አቅፋ ቆየች። አጎቴ ከሩቅ «አንቺ ሎሚ!» እያለ ይጣራል።

ክፍሌ ከጣቢያው ጀርባ ናት። ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር እናቴ ትደነግጥና ትነሣለች። ማን መጣ ትላለች። ማንም አልመጣም እማ።

የካቲት ፪

ገበያ ላይ ስሜ ተቀይሯል፤ እንደ ፈረንጅ ሙሴ ይሉኛል። «ሙሴ ሙሉአለም፣ ጥሬ ልቁረጥልህ ወይስ ይቀቀል?» ድሮ ቢሆን እንዲህ ላለኝ ሰው የሰባት ቤቱን አንሥቼ ባፈረጥኩት… ሥጋውን ሳልገዛ አለፍኩ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። ጉልበቴን አመመኝ ትላለች። ጉልበቷን አላመማትም።

ሚያዝያ ፲፩

ሙሴ ያኒ ዛሬ ለሥራ አስጠራኝ። በሽተኛው ጉንጩ አብጦ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፈዬራ። የአጎቴ የበኵር ልጅ፤ ሠላሳን የዘለለ፣ የሦስት ልጆች አባት። አጎቴ በበሩ በኩል ቆሟል፤ ሎሚ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር ይዛለች። «አካም ጅርታ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳት፤ አንገቷን ደፋች።

ሙሴ ያኒ መስታወቱን አስገባ። የበሰበሰ ጥርስ አገኘ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ። ፊቱ በራ።

«ምንም የለውም!» አለኝ በፈረንሳይኛ። «እንዳንተው ባዶ! ከላይም ከታችም! የአጎትህ ልጅ ነው አይደል? አየህ፣ በዘር ይሄዳል! ንገራቸው፣ ንገራቸው እንጂ!»

«ምን አለ?» አለ አጎቴ።

አፌ ተከፈተ። ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ተሰልፎ መጣ። የገርባ ዘር አራቱንም ያወጣል… ድንኳኑ… የበሰለ የሚበላ ማን ነው… አንዲት ቃል ብቻ። ከሰዓት በፊት አዳማን ታዳርሳለች፣ ማታ ሞጆ ትደርሳለች።

ሎሚ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደተባለ አታውቅም። ፊቴን ግን አየች፣ እጇ ከልጇ እግር ላይ ወረደ።

ብናገርስ? ፊታውራሪ የፈረዱትን አይመልሱም። አጎቴ ለዓረቡ የሰጠው የሱቅ ቦታ ላይ ቆርቆሮ ተመትቷል። የሚጨመረው አንድ ነገር ነው፦ ሌላ ሴት እንስራዋን ይዛ ትወጣለች።

«ምን አለ አንተ?»

«አንድ የበሰበሰ አለው፤ ይነቀላል አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ተነቀለ። ፈዬራ ጮኸ። አጎቴ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ዛሬስ ጨዋ ሆነሃል» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሁሉንም። ትመርቀኛለች ብዬ ነበር መሰል… እንደዚያ ጠብቄ ነበር። ጭብጦውን ለሁለት ቆርሳ የእኔን ሰጠችኝ። የሷን ግን አልነካችም።

«ደግ አደረግህ» አለች። «ሎሚ ደግ ሴት ናት።»

ባቡሩ አፏጨ። ዛሬ አልደነገጠችም፤ አልተነሣችምም።

«ለእኔስ ማን ዝም አለልኝ፣ ሙሌ?»