ፈሪው አባታችን፦ የአንድ ከሰል ቆፋሪ የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጨለማ ስለሚፈሩ እናታቸው «ይሄ ልጅ የገዛ ጥላው ያስደነብረዋል» ይሉ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው ሲሞቱባቸው ትምህርቱን አቋርጠው በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከድንጋይ ከሰል ማውጫው ተቀጠሩ። ጨለማ የሚፈራ ሰው ከመሬት ሥር ሥራ መያዙ የሰፈሩ መሳቂያ ሆኖ ከረመ።

እዚያ ክፍያው በፉርጎ ነው። ከሰል ሞልቶ የወጣ ፉርጎ ይቆጠራል፤ ጣሪያው እንዳይናድ እንጨት ሲያቆሙ የሚጠፋው ጊዜ ግን አይከፈልበትም። ስለዚህ ሌላው እንጨቱን አራርቆ ሲያቆም አባታችን ያጠጋጉ ነበር። ጣሪያውን በዲጂኖ መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ድምፁ ካላማራቸው «ውጡ!» ይላሉ። ባልደረቦቻቸው «ፈሪው» ብለው ስም አወጡላቸው። እርግጥ ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል። ሰው አስወጥተው ጣሪያው ንቅንቅ ሳይል ይውላል፤ የቡድኑም የቀን ገቢ ገደል ይገባል። የቡድኑ ፉርጎ ገፊ ሚስት በራችን ድረስ መጥተው «ታዲያ ለልጆቼ ፍርሃት ላብላቸው?» ብለው ጮኸዋል።

በ1970 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። አንድ ጊዜም ካቦ ሆነው ተሹመው ነበር። የካቦ ጉርሻ በፉርጎ ብዛት ስለሆነና ሰው ማጣደፍ ስላልሆነላቸው ሹመቱ ወር ሳይሞላው ተነሡ። እናታችን «እንኳንም ቀረብህ» አሏቸው፤ ከልባቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በ1983 ዓ.ም. የከሰል ዋጋ ሲወርድ ለአንድ ፉርጎ የሚከፈለውም ተቀነሰ። ሰው የጎደለበትን ለመሙላት ሲጣደፍ እንጨቱ ይበልጥ ተራራቀ። በዚያው ክረምት ከእነ አባታችን ጎን ባለው መተላለፊያ ጣሪያው ተደርምሶ አራት ሰዎች ተቀበሩ። ሌሎች ሊያወጧቸው ሲገቡ አባታችን አልገቡም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሰው ሁሉ እያየ አስመለሳቸው። ይህን ማንበብ ይከብደኛል፤ ነገር ግን «ጀግና ነበር ብላችሁ እንዳትዋሹብኝ» ብለው አዘውናል። በማግሥቱ፣ ልጅ መብላት አለበትና፣ በዚያው አፍ ተመልሰው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ «ከፈሪው ጋር መድቡኝ» የሚለው በዛ።

በ2004 ዓ.ም. ሳንባቸው በአቧራው ተጎድቶ ከሥራ ሲወጡ፣ ታናሽ ወንድማችን እንዳይገባ እየለመኑት በቦታቸው ገባ። ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። «ዛሬስ እንጨት አቆማችሁ?» ሲሉት «እንደ እርስዎ አድርገን ነው አባዬ» ይላል። ደመወዙ ግን ሌላ ይናገር ነበር። በወሩ መጨረሻ አባታችን በሕይወታቸው አግኝተው የማያውቁትን ገንዘብ ይዞ ይገባል። አምና ለእናታችን ማቀዝቀዣ ገዝቶ ሲያመጣ ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ አባታችን ግን በስንት ፉርጎ እንደተገዛ ገብቷቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዐይናቸው አልዞረም። ማቀዝቀዣው ባጓራ ቁጥር ብድግ ብለው ወንድማችን መግባቱን ይጠይቁ ነበር።

አባታችን በሳንባ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ከዚህ ዓለም ተለዩ። የአንዲት ሚስት ባል፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

ወንድማችን የሐዘን ፈቃዱ ሲያበቃ ሰኞ ይወርዳል። እዚህ የቆማችሁ ባልደረቦቹም አብራችሁት ትወርዳላችሁ። ከእንግዲህ ማታ ደጃፍ ላይ የሚጠይቀው የለም። እኔ ታላቅ እህቱ እፈራለሁ፤ ይህንንም በሰው ፊት መናገር አያሳፍረኝም። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ስጋት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ፍርሃታቸውን ግን ለወንድማችን ያውርስልን። አሜን።