ቦቢን ውሃ ማልመድ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

በሚቀጥለው ወር ከመካኒሳ ለቀን ዝዋይ እንገባለን። ባለቤቴ ሥራ ያገኘው ሐይቁ መሃል ካሉት ደሴቶች በአንዱ ስለሆነ ያለ ጀልባ አይደረስም። ውሻችን ቦቢ ደግሞ ውሃ ሲያይ ይሸሻል። ካልለመደ ለሰው ልንሰጠው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳፋ ውስጥ ላቆመው ታገልኩ፤ እምቢ አለ።

ዛሬ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ከፉሪ በታች ወዳለው ወንዝ ይዘውን ወረዱ። በወጣትነታቸው ጀልባ ይቀዝፉ ነበር። "አትጎትቺው፤ አንቺ ግቢ፣ እሱ ይመጣል" አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ቦቢ ዳር ላይ ሲያላዝን ቆየና እየተንቀጠቀጠ ተከተለኝ። ውሃው ሆዱን እስኪነካው ድረስ ገብቶ ቆመ። ጅራቱን እንኳ ቆላ! ደስ ብሎኝ ጀርባውንም ላርሰው በጣሳ ውሃ ቀዳሁ። ጣሳውን ሲያይ ተፈትልኮ ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ ሮጠ።

ጋሽ ታደሰ ትንሽ አዩኝና "ውሃ ትደፊበታለሽ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ እኔ እቴ!" አልኩ።

ዋሸሁ። ቡችላ ሆኖ ከመጣ ጀምሮ ማድ ቤት በር ላይ በተኛ ቁጥር የዕቃ እጣቢ ስደፋበት ነው የኖርኩት። ሰው ሁሉ ውሻ የሚያባርረው እንደዚያ ነው፤ ክፋት አልመሰለኝም።

ከምሳ በኋላ ዕቃ አጥቤ ሳፋውን ይዤ ወጣሁ። ዛሬስ አጥር ጥግ ልደፋው ነበር። ቦቢ ግን ገና ሲያየኝ ተነስቶ መንገድ ለቀቀልኝ።