የሃርላን የመታጠቅ ፈቃድ

ጃንዋሪ 7፣ እሑድ

ሃርላን ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ሱሪ አራት ጊዜ ቀየረ። ሙሽራም እንዲህ አይሆንም። ሽጉጡ በየትኛው ሱሪ እንደማይታይ ሲፈትሽ ነው... መስታወት ፊት ቆሞ ወደ ጎን ዞር፣ ጎንበስ፣ ቀና። «ይታያል?» ይለኛል። «የሚታየው ቦርጭህ ነው» አልኩት። ተቀየመ።

ስንደርስ ያው የዘወትሩ። ሮይስ በራፉ ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ ያቅፋል። ወንዶቹ ሲተቃቀፉ ብረት ከብረት ቀጭ ይላል። የማን ሽጉጥ በየት ጎኑ እንደተሻጠ የማያውቅ ምእመን የለም። እንግዲህ ይሄ ነው «ሸሽጎ የመታጠቅ ፈቃድ» የሚሉት። ከማን ነው የተሸሸገው?

ፓስተር ዴኒ በፈቃዳቸው ታጥቀው የሚጠብቁንን «እረኞቹ» ይላቸዋል። ስድስት ናቸው። ትንሹ ሮይስ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና አስቀይሮ ገና ያነክሳል። ሌስተር አንድ ጆሮው አይሰማም። የኔው ሰባ አራት። ክፉ ሰው ቢመጣ መጀመሪያ ከወንበር እስኪነሱ መጠበቅ አለበት። ጨዋ ከሆነ ደግፎ ያነሳቸዋል።

ጃንዋሪ 10፣ ረቡዕ

የረቡዕ ራት በአዳራሹ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ። ወሬው ሁሉ ስለ አዲሱ ሕግ። የግዛታችን ዋና ከተማ ኮለምቢያ ያሉት ተወካዮቻችን ፈቃድ የሚባለውን ሊያስቀሩት ነው። የፈለገ ይታጠቅ፣ ማንም አይጠይቀው...

ሮይስ ጠረጴዛ ይደበድባል። «መብቴ ነው! ለመብት ደግሞ ፈቃድ አለ እንዴ? ለመጸለይ ፈቃድ ታወጫለሽ?»

«ጸሎት አይባርቅም» አለችው ሚስቱ ኤርሊን፣ ሻይ እየቀዳችለት።

ሳቅን። ሃርላን አልሳቀም። ሕጉ ይውጣም አይውጣ ፈቃዱን እንደሚያሳድስ ተናገረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ፈቃድ አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ሕግ አክባሪ ነው የኔ ጌታ።

ጃንዋሪ 13፣ ቅዳሜ

ቅጹን ሲሞላ አጠገቡ ድንች እልጣለሁ። ጨርሶ «እስቲ እይልኝ» አለ። አየሁት። አድራሻ በሚለው ላይ የድሮውን የፋብሪካ ሰፈር ቤታችንን ጽፏል። ከዚያ ቤት ከወጣን አርባ ሦስት ዓመታችን።

«ሃርላን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አየው። ጆሮው ቀላ። «ስቸኩል ነው» አለ። ምን አስቸኮለው? ቅዳሜ ነው፤ ጡረተኛ ነው።

ሰርዤ ትክክለኛውን ጻፍኩለት። በገዛ እጄ። እንዳያፍር ብዬ...

ጃንዋሪ 19፣ ዓርብ

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሮንዳ ከሻርሎት እየደወለች ስትጨቀጭቀኝ ነበር። ልጄ ነርስ ናት፤ በስልክ ታዛለች። መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ ማግኘቴን፣ ቤንዚን ሊቀዳ ወጥቶ ሁለት ሰዓት መቆየቱን ነግሬያት ነበር። «መንገድ ተዘግቶ ነው» ብሎኝ። የቱ መንገድ?

ሐኪሟ ሰዓት እንዲስል ወረቀት ሰጠችው። ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን ደረደራቸው። «ጅማሬው ነው» አለችኝ ኮሪደር ላይ። «መኪና ይነዳል?» ይነዳል አልኩ። «ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ አለ?» ስልኬ ጮኸ መሰለኝ። ቦርሳዬን መበርበር ጀመርኩ። ጥያቄው አለፈ።

ስልኬ አልጮኸም ነበር።

ጃንዋሪ 30፣ ማክሰኞ

የታደሰው የፈቃድ ካርድ በፖስታ መጣ። ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል፣ ደግ ሰው ይመስላል፣ ነውም። መንግሥት መዝገቡን አገላብጦ አንዳች እንከን አላገኘበትም። መነጽሩ የት እንደሚያድር ግን አልጠየቀም።

ፌብሩዋሪ 4፣ እሑድ

ሃርላን እስኪተኛ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

ከልጆቹ ትምህርት በኋላ፣ ስብከት ሳይጀመር፣ የሮይስ የልጅ ልጅ ማሊ ከሽንት ቤት ወጣች። አምስት ዓመቷ ነው። ቀሚሴን ያዘችና «እትዬ ቬልማ፣ እዚያ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ። አልነካሁትም፤ እጄ እርጥብ ነው» አለችኝ።

ገባሁ። ሽጉጥ፣ የሽንት ቤት ወረቀቱ መስቀያ ላይ ቁጭ ብሏል። እጀታው ላይ ሃርላን ራሱ የጠመጠመው ፕላስተር አለ። ሱሪውን ሲፈታ አስቀምጦት፣ ሲወጣ ትቶት ሄዷል። ጥይቱን እንደጎረሰ።

ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሄጄ ሃርላን አጠገብ ተቀመጥኩ። ፓስተር ዴኒ ስለ ምን ሰበከ? «ነቅታችሁ ጠብቁ»። ሃርላን አሜን ይላል። ወገቡ ባዶ ነው፤ አላወቀም። እስከ ቤት አላወቀም። መሳቢያው ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩት። ማታ መሳቢያውን ከፍቶ አየውና መልሶ ዘጋው።

እጇ ደረቅ ቢሆንስ ኖሮ? ጌታ ሆይ።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሰኞ

ለፓስተር ዴኒ ሽንት ቤት ሽጉጥ አገኘሁ አልኩት። «የማን ነው?» አለ። «ስም አልተጻፈበትም» አልኩ። አፌን ሞልቼ ዋሸሁ። ዓይኑን ከድኖ ከጸለየ በኋላ «እኅት ቬልማ፣ ጉዳዩ ስስ ነው፤ ኮሚቴ ያየዋል» አለኝ።

ፌብሩዋሪ 11፣ እሑድ

ፓስተር ዴኒ መድረኩ ላይ ወጥቶ «ባለፈው እሑድ አንድ ወንድማችን ሽንት ቤት ውስጥ ዕቃ ረስቶ ነበር» አለ። አፉን ሳይዘጋ ስድስት እጅ ወገብ ላይ አረፈ። ስድስትም! አንዱ እንኳ «የኔ ሊሆን አይችልም» ብሎ አልተማመነም።

ኮሚቴውም ተሰብስቦ፣ ተወያይቶ፣ ወስኗል። የወሰነው ምን መሰለህ ማስታወሻዬ? ሽንት ቤት ውስጥ መደርደሪያ ይሠራ! ሰፋ ያለ፣ ለመርሳት የሚመች። ከላዩ ላይ «ወንድሞች፣ ይዛችሁ የገባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ» የሚል ጽሑፍ።

መደርደሪያውን ሌስተር ሰቀለው። ብሎኑን እያቀበለ የረዳው ሃርላን ነው።

ፌብሩዋሪ 16፣ ዓርብ

ለሮንዳ እውነቱን ነገርኳት። ጮኸችብኝ። «እማዬ፣ ልጅ ሊሞት ነበር እኮ! ዛሬውኑ ቀሚው!»

«አንቺ ቀሚው እንግዲህ» አልኳት። «ኮለምቢያ ሰልፍ ትወጪ የለም? መፈክርሽን ይዘሽ ነይ።»

ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው። ግን ምን ብዬ ነው የምቀማው? ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ሲያድን ያደገ ሰው ነው። ሽጉጡን ስጠኝ ያልኩት ቀን ምን እንደደረሰበት ያውቃል። ያን ፊቱን ማየት እፈራለሁ። ሌላ ምንም አይደለም፤ እፈራለሁ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ማንም ወደማያውቀኝ ሱቅ አርባ ደቂቃ ነዳሁ። ከሽጉጡ ካርታ አንዲት ጥይት አውጥቼ በመሐረብ ጠቅልያለሁ። ባለሱቋ ድምፅዋን ሲጋራ ያጎረነነው ሴት ናት።

«እንደዚህ ያለ... ግን የማይተኩስ። ለልምምድ።»

ዓይኔን አየችው። ከባንኮኒው ሥር አንድ ፓኮ አወጣች። ክብደቱም መልኩም ያው፤ ባሩድ የለውም።

«ከፓይን ክሪክ ቤተ ክርስቲያን ነሽ?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አራተኛዋ ነሽ፣ የኔ እመቤት።»

ፌብሩዋሪ 21፣ ረቡዕ

ትናንት ማታ ተኝቶ ሳለ ጥይቱን ሁሉ ቀየርኩት። ዛሬ የአዳራሹ ማድ ቤት። ኤርሊን ጎመን ታማስላለች። ጆሮዋ ሥር ሄጄ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

ማማሰያውን አላቆመችም። «ከገና በፊት። ድመቷን ሌባ ነሽ ብሎ አነጣጠረባት።»

«ሌሎቹ ሚስቶችስ?»

«ቤቲና ሉ አን። እኔ ነኝ የላክኋቸው። አንቺን ልነግርሽ ፈልጌ... ኩሩ ነሽ፣ ቬልማ።»

ያን ያህል ከሳቅሁ ዘመን ሆኖኛል። አፋችንን በሽርጥ ይዘን። ከስድስቱ እረኞች አራቱ በትር የላቸውም፤ በጎቹ ናቸው የቀሟቸው። ከዚያ ኤርሊን ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። የኔም።

ማርች 8፣ ዓርብ

ሕጉ ተፈረመ። ፈቃድ ድሮ ቀረ። ሮይስ ግቢ አሳማ እየተጠበሰ፣ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ «ነጻነት!» እየተባለ ዋለ። ሮይስ ወገቡን መታ መታ አድርጎ «ከእንግዲህ ማን ሊነካን!» አለ። እኔና ኤርሊን ተያየን። ትሪው ሊወድቅብኝ።

ሃርላን ካርዱን ከቦርሳው አውጥቶ ሲያየው ቆየና «የኔ አምስት ዓመት ይቀረዋል» አለ። አምስት ዓመት...

ማርች 31፣ ፋሲካ

ዛሬ የሆነውን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሁለተኛው ዝማሬ ላይ በሩ ተከፈተ። ነጮች ብቻ በምንሰበሰብበት ቤት፣ ረጅም ጥቁር ልጅ፣ ረጅም ኮት የለበሰ። ብቻውን። ከደጅ «ሁሉም እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ አለን፤ በቁመቴ ልክ። አምኖት የገባ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ዝማሬው ሳሳ። እረኞቹ ተነሡ። የቻሉት። እጅ ወደ ወገብ፣ እጅ ወደ ወገብ። በኋላ ስንጠይቃቸው «ኮቱ ነው ያስፈራን» አሉ። ኮቱ! ሮይስም እኮ ኮት ለብሶ ነበር።

ልጁ ቆመ። ገባው። እጆቹን ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣቸው፣ ባዶ መሆናቸው እንዲታይ። የሚያውቀው አወጣጥ ነው፤ ልቤን ያመመኝ እሱ ነው።

ሃርላን ወገቡን አልነካም። ተነሣና በመሃል መንገዱ ሄደ። እጁን ዘረጋለት። «ና ልጄ፣ እኛ ጋ ቦታ አለ» ብሎ ይዞት መጣ። የመኪናው ጎማ ተንፍሶበት ነው፤ ስልክ ፈልጎ። የመዝሙር መጽሐፉን ከሃርላን ጋር ተጋርቶ ዘመረ። ስብከቱ ሲያልቅ ጎማውን ቀየሩለት፣ ከስድስቱ ሦስቱ። አፍረው ነው።

ቤት እንደገባን «ሌሎቹ ሲነሡ አንተ ለምን...» አልኩት።

«በውሸት ጥይት ምን ላድርግ?» አለኝ።

ስልሳ አምስት ዓመት ጥይት የነካ እጅ ነው፤ ሰዓት መሳል ቢያቅተው ጥይት አይጠፋውም። ባስገባሁበት ሳምንት አውቋል።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«እንቅልፍ መተኛት ጀምረሽ ነበር።»

«የሮይስስ?» አለ። «የሮይስም» አልኩት። ሳቀ። እንባው እስኪወርድ። «የሌስተርስ?»

«ሌስተር ሚስቱ ሞታለች፣ ሃርላን።»

ሳቁ ቆመ። የሚሰማው በአንድ ጆሮው የሆነው ሰውዬ፣ ዛሬ እጁ ወገቡ ላይ ነበር።

ከዚያ ጠየቀኝ። «ምን አድርጌ ነው ጥይቱን የቀየርሽብኝ?» ነገርኩት። ሽንት ቤቱን፣ ማሊን። ይሄን አያስታውስም ነበር። አፎቱን ከቀበቶው ፈታና ከነሽጉጡ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ነገ እረሳዋለሁ» አለኝ። «ከጠየቅሁሽ እውነቱን ንገሪኝ። ባለቅስም ንገሪኝ። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁለት።

ኤፕሪል 1፣ ሰኞ

መሳቢያውን ከፍቶ ቆሟል። «ቬልማ፣ ሽጉጤ የታለ?» ነገርኩት። እንደ ትናንቱ ደነገጠ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ልጅቷስ?» አለ። ደህና ናት አልኩት።

ኤፕሪል 2፣ ማክሰኞ

ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ልጅቷስ?»

ኤፕሪል 3፣ ረቡዕ

ሽጉጡን ለባለሱቋ ወሰድኩላት። «አራት ጊዜ የውሸት ጥይት ሸጬ ሽጉጡ ራሱ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ኤርሊን ስለ ሌስተር ለፓስተሩ በስም ተናገረች። ኮሚቴ ያየዋል አላት።

ኤፕሪል 5፣ ዓርብ

ሮንዳ ትለኛለች፣ «ሽጉጡ ጥገና ገብቷል በይው፤ በየቀኑ አታስለቅሺው»። ነርስ ናት፣ ታውቅ ይሆናል። ለሐኪም ዋሽቻለሁ፣ ለፓስተር ዋሽቻለሁ፣ የመንግሥት ቅጽ አርሜያለሁ። አንድ ውሸት ምኔ ነው? ግን ቃል ገብቻለሁ። ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ኤፕሪል 7፣ እሑድ

ጠዋት ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ አለቀሰ፣ ፊቱን አጠብኩለት፣ ሄድን።

በራፉ ላይ ሮይስ ቆሟል፤ ሌስተርና ሌሎች ሁለት እረኞች አጠገቡ። ማሊ ከውስጥ ሮጣ መጥታ የሃርላንን እግር አቀፈች። እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ። እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ከዚያ ወደኔ ዞረ፣ ግራ ገብቶት።

«ቬልማ፣ ምን ሆኜ ነው የማለቅሰው?»

ሮይስ እያየኝ ነው። አራቱም እያዩኝ ነው። በጆሮው ልንገረው ብዬ አሰብኩ... ተውኩት። ሌስተር እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እዚያው በራፉ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።