እማየ፣ ባልሽን ጠርጥሬዋለሁ

ይድረስ ለእማየ፣ ካለሽበት።

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ይባላል። እኔ ግን አልልም፣ ሹፈት ይመስላል። የኛን ጤና ልንገርሽ፤ ደህና ነን፣ እኔ ተናድጄ ከመክረሜ በቀር። ከሄድሽ አሥር ወር ሆነ። የገና ጾም ሊገባ ሲል ነበር የሄድሽው፣ ይኸው መስቀል አለፈ፣ ሙት ዓመትሽም ደረሰ።

ቤቱ እንዳለ ነው። በዚህ ክረምት በአልጋሽ በኩል አፈሰሰ፣ ወጥቼ ቆርቆሮውን መታሁት፣ አሁን በማጀት በኩል ያፈሳል። ትምህርት ቤት ተመለስሽ ወይ እንዳትይኝ፣ አልተመለስኩም። ያ መምህር ጠመኔ ወረወረብኝ፣ እኔም መለስኩለት። እሱ ሳተኝ፣ እኔ አልሳትኩትም፣ ወንጀሌ ይኸው ነው። አሁን ሱቅ ከባልሽ ጋር እውላለሁ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እቀመቅማለሁ፣ ለገና የታዘዘውን የካህናቱን ካባ እተኩሳለሁ።

«ባልሽ» ያልኩት አውቄ ነው። ከቡሄ ወዲህ «አባየ» ከአፌ እምቢ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነው ቁጭ ያልኩት፣ ስሚኝ።

መጀመሪያ ያንቺን ጉዞ ላንሳ። ከአስመራ ምጽዋ፣ ቁልቁል፣ በብስክሌት። አያቴ ከላሊበላ ወጥቶ አስመራ ግንበኛ ሆኖ ሲሠራ እዛው አደግሽ፣ በኔ ዕድሜ ከጓደኛሽ ከዘሀራ ጋር በሁለት ብስክሌት ወረዳችሁ። ስንት ጊዜ ነግረሽኛል! ላይ ብርድ ነው፣ መሀል ጉም ነው፣ ታች ፀሐይ ነው። ጉሙ ውስጥ ስትገቡ መተያየት አቅቷችሁ በደወል ትጠራሩ ነበር። አንድ ጊዜ ትርርንግ ማለት «አለሁ» ማለት ነው። ከዛ ጉሙ ድንገት ተከፈተና ባሕሩ ታች ተዘርግቶ ስታይው፣ «ሰማዩ የወደቀ መስሎኝ ፍሬን ያዝኩ» ትይኝ ነበር።

«ጦርነቱ ይብቃና እወስድሻለሁ» አልሽኝ። ጦርነቱም በቃ፣ መንገዱም ተከፈተ፣ አውቶቡሱም አስመራ ገባ፣ ያኔ አንቺ ተኛሽ። ተኝተሽም ዕቅድሽን አልተውሽም። ብስክሌቱን እዛው እንከራያለን፣ ከዚህ ተሸክመን አንሄድም። ጉዞው በጥር ነው፣ በክረምት ምጽዋ እንደ ምድጃ ነው፣ የጥር ፀሐይ ግን ደግ ነው። በአንድ ቀን አንወርድም፣ ጊንዳ አድረን ብርቱካን በልተን ነው የምንቀጥለው። ባልሽ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ያሾፍብሽ ነበር። «እግዜር ሁለት እግር የሰጠው ሰው ሁለት ጎማ ምን ያደርግለታል?» ይልሻል። «አንተ በአውቶቡስ ውረድ፣ እኛ ቀድመን ባሕሩ ዳር እንጠብቅሃለን» ትይዋለሽ። ይስቃል። አንድም ቀን ግን «እሄዳለሁ» ብሎ አያውቅም።

ደወሉንስ ታስታውሽዋለሽ? ድምፅሽ ሲደክም፣ ባሏን ተከትላ ወደኛ አገር የመጣችው ዘሀራ፣ ከታች ከሜዳው፣ ከሽምሽሃ ሻይ ቤቷ መጥታ የዚያኑ ሟች ባሏን የብስክሌት ደወል ፈታ አመጣችልሽ። ትራስሽ ሥር አኖርሽው። ውሃ ስትፈልጊ፣ አገላብጪኝ ስትይ፣ አንዳንዴ ደሞ ዝም ብለሽ እኔን ለማየት፣ ትርርንግ! እኔም የትም ልሁን፣ ጓሮም ልሁን ሱቅ፣ «አቤት እማየ!» ብዬ ከች ነው።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልግባ።

አርባሽ በወጣ ማግስት ዘሀራ መጣችና ደወሉን ይዛ ሄደች። እኔን አላስፈቀደችም። ባልሽ ራሱ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሰጣት። የሰጠችውን ነገር ከሟች ትራስ ሥር የምታነሳ ምን ዓይነት ሰው ናት ብዬ ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት። እኔ ሆዴ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነገር እንደማይበሰብስ ታውቂያለሽ።

ከዛ ቡሄ አለፈና ባልሽ ሽምሽሃ መመላለስ አመጣ። «ልብስ ላደርስ ነው» ይለኛል። የማን ልብስ? ልብሱን የምተኩሰው እኔ! ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ማታ መዳፉ ተልጦ ይመለሳል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ከመኪና ስወርድ አዳለጠኝ» አለኝ። በሳምንቱም አዳለጠው። በሌላው ሳምንትም። መኪናው ሳሙና ነው እንዴ የሚጭነው?

መሀረቡን ሳጥብለት ደሞ ጥቁር ነገር አየሁ፣ በጣት የተጠረገ የሚመስል። የስፌት መኪናችን ዘይት እንዲህ አይጠቁርም። ኩል ነው አልኩ። አንዲት ሴት አልቅሳለት ዓይኗን ጠርጎላት ነው አልኩ። አንቺ ብትኖሪ አሽትተሽ ትለይው ነበር፣ እኔ ግን ተናድጄ ማሽተት አላስታወስኩም፣ ብቻ እስኪቀደድ አሸሁት።

ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጥቁር መነጽር ሲለካ ያዝኩት። ከል የለበሰ፣ ጠጉሩን ያልተቆረጠ ሰው፣ በነጋዴው መስታወት ራሱን እያየ! ሲያየኝ መነጽሩን ጣለና የበርበሬ ዋጋ ጠየቀ፣ መነጽር ሻጩን።

ጎረቤታችን እማሆይም አላስተኙኝም። «ልጄ» አሉኝ፣ «ባሏ የሞተባት መቃብር ታያለች፣ ሚስቱ የሞተችበት መንገድ ያያል።» «እማሆይ፣ ምን ሰምተው ነው?» ብላቸው፣ «እኔ ከጸሎቴ በቀር ምን እሰማለሁ» ብለው፣ ያልሰሙትን ሁሉ ነገሩኝ። ሰው አይቶታል አሉ፣ ሽምሽሃ፣ ከዘሀራ ጋር፣ ሲሳሳቁ።

የመጨረሻውን የነገረኝ ያ ሽምሽሃ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «አባትሽ እኮ ከጥምቀት በኋላ ወልድያ አድርሰኝ ብሎኛል፣ ከዛ በአውቶቡስ አስመራ» አለኝ። «ብቻውን?» አልኩት። «ኧረ ለሦስት ሰው ነው ቦታ ያዝልኝ ያለኝ።»

እማየ፣ ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ያንቺ ጉዞ! ያንቺ ጥር! አንድ እሱ፣ ሁለት ዘሀራ፣ ሦስተኛውስ ማነው? እኔማ አልተጠየቅኩም። እኔን የት ሊጥለኝ ነው? ሙት ዓመትሽ ሳይወጣ በአንቺ ቦታ ሌላ ሴት አዘጋጅቶ፣ ከባሕሩ ሲመለስ «ይቺ እናትሽ ናት» ሊለኝ ነው አልኩ። ቤት ገብቼ ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። ከዛ አሰብኩና መልሼ አወጣሁት። መጀመሪያ በዓይኔ ልያቸው፣ ከሄድኩም ተሳድቤ ልሂድ ብዬ።

በቀጠለው ቀን «ልብስ ላደርስ» ብሎ ሲወጣ፣ እኔ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በሌላ መኪና ተከተልኩት። ሽምሽሃ ሜዳው ዳር፣ ከዘሀራ ሻይ ቤት ጀርባ ያለውን የቁልቋል አጥር ታውቂዋለሽ፣ እኔንም ብስክሌት ያስተማርሽኝ እዛው ሜዳ ላይ አይደል። አጥሩ ሥር አደፈጥኩ። ቁልቋሉ ደረቴ ድረስ ስለሚመጣ ከወገባቸው በላይ ብቻ ነው የሚታየኝ። ዘሀራ ከኋላው ሆና አንድ እጇ ጀርባው ላይ ነው። እየሮጠች ትስቃለች። «አብሽር! ወደ ፊት እይ! መሬቱን ምን ታየዋለህ፣ ሳንቲም ጠፍቶሃል?» ትለዋለች። ባልሽ ደሞ ረዝሟል። እግሩን ሳያነሳ ይሄዳል። ነፋስ የነዳው ይመስላል፣ ፊቱ ላይ ያ ጥቁር መነጽር፣ ጠጉሩ ቆሞ። ሰው በፍቅር ሲያብድ እንዲህ ይንሳፈፋል እንዴ እያልኩ አፌን ለስድብ ስከፍት፣

ትርርንግ!

እማየ፣ እኔ አይደለሁም። እግሬ ነው። ከቁልቋሉ ሥር ብድግ አልኩና ሜዳው ሙሉ እስኪሰማ «አቤት እማየ!» አልኩ።

ባልሽ ዞሮ አየኝ። ዘሀራ ለቀቀችው። ብስክሌቱ፣ ለካ ብስክሌት ኖሯል፣ ቀጥ ብሎ መጥቶ ቁልቋሉ ውስጥ ገባ።

ማንን እንደጠራሁ ሦስታችንም አውቀናል። ጎማው ብቻ በአየር ላይ ይሽከረከራል።

ማልቀስ አልወድም፣ እንባዬ ሊመጣ ሲል ጮህኩ። «ዘሀራ! ደወሉን አምጪ! የእናቴ ነው!» እትዬም አላልኳት፣ እንዲሁ ዘሀራ። ሌላ ጊዜ ብትሆን በጥፊ ነበር የምትለኝ። ቀስ ብላ መጣችና «ደወሉ እንኳ የባሌ ነው» አለችኝ፣ «‹አቤት› ማለትሽ ግን የእናትሽ ነው። እሱን ማንም አይወስድብሽም፣ ወላሂ።»

ባልሽ ከቁልቋሉ ውስጥ ተጣራ። «ልጄ፣ መጀመሪያ እሾሁን ንቀይልኝ፣ ከዛ ትሰድቢኛለሽ።»

ሻይ ቤቷ ውስጥ አስቀምጬ ነቀልኩለት። አንድ እሾህ ነቅዬ አንድ እጠይቀዋለሁ። ጥቁሩ ነገር የብስክሌቱ ካቴና ቅባት ነው። መዳፉን የላጠው መሬቱ ነው። መነጽሩ ለምጽዋ ፀሐይ ነው። «ለምን ደበቅኸኝ?» ስለው፣ «ከል ለብሶ ብስክሌት የሚጫወት ባል፣ ሚስቱ ሞተችና ደስ አለው እንጂ ምን ይባላል? ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። «ለኔስ?» አልኩት። «ላንቺ መንገር ለቅዳሜ ገበያ መንገር ነው» አለኝ። እሾሁን ትንሽ አጥብቄ ነቀልኩት።

«ሦስተኛውስ ማነው?»

እትዬ ዘሀራ ብርጭቆ እያጠበች ሳቀች። «አንቺ ነሻ፣ አንቺ እሳት! እናትሽ ሦስት ሰው ብላ ነው የተናዘዘችው።»

ያኔ ነው ሁሉን ያወጡት። ልትሄጂ ሰሞን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ ሁለቱን ጠርተሽ ነገርሻቸው አሉ። እሱን «አንድ ቀን እሺ በለኝ፣ ተማርና ልጄን አውርዳት» አልሽው። እሷን «መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ደወሉን መልሰሽ እሰሪውና አስተምሪልኝ» አልሻት። ለሁለቱም «ልጄ እንዳትሰማ፣ ከሰማች እኔ ላስተምር ብላ ትገድለዋለች» አልሽ። ይሄ ያንቺ አነጋገር ነው፣ ማንም ሊፈጥረው አይችልም፣ ስለዚህ አመንኳቸው። ባልሽ ከአርባሽ በኋላ ልቡ እምቢ ብሎት ከረመ። ቡሄ ዕለት ልጆች ሲጨፍሩ ሰማና «እሷ እኮ እሺ በለኝ ብላኛለች» ብሎ ተነሳ።

ሲመሽ አብረን ተመለስን። ጭነቱ ላይ ተቀምጠን ጋቢውን ጣል አደረገብኝ። «አባየ፣ ፔዳሉን በተረከዝህ ነው የምትረግጠው፣ ለዛ ነው የምትወድቀው» አልኩት። «አባየ» ማለቴን ሰምቷል፣ ግን መንገዱን ማየት ቀጠለ። መነጽሩን አድርጎ ነበር፣ ፀሐይ ሳይኖር።

አሁን ዕቅዱን በሱቃችን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጽፈነዋል፤ ጠመኔ እንኳን ለዚህ ጠቀመኝ። ሙት ዓመትሽን እናወጣለን። የገናን ሥራ እናስረክባለን። ከጥምቀት በኋላ እንሄዳለን። ጊንዳ እናድራለን፣ ብርቱካኑን አልረሳሁም። አባየን አሁን እኔ ነኝ የማስተምረው፣ እስካሁን አልገደልኩትም።

ግን እማየ፣ ጥርጣሬዬ አልሞተም። ሰውየውን ነው የቀየረው። አሁን የምጠረጥረው አንቺን ነው።

ለምን ሦስት አልሽ? እኔና አባየ አንበቃም ነበር? መንገዱን እኔም እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ እያንዳንዱን እጥፋት ነግረሽኛል። ለምን እትዬ ዘሀራን ጨመርሽ? ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ሜዳ የሚሞላ፣ አባየን «ሳንቲም ጠፍቶሃል?» ብላ የምታስቀው። ይሄን ሁሉ ሳታስቢ ነው ያደረግሽው? አንቺ ሳታስቢ ጨው እንኳ አትጨምሪም ነበር። ጉዞውን ነው ያቀድሽው ወይስ ከጉዞው በኋላ ያለውን? እነሱን ብጠይቅ ሁለቱም እኩል ደነገጡ፣ እኩል «ኧረ በስመ አብ» «ኧረ በአላህ» አሉ። እኩል መደንገጣቸውንም መዝግቤዋለሁ።

ይሁን። ያሰብሽውን አንቺ ታውቂያለሽ። ቤታችን ማታ ማታ ዝም እንደሚል፣ አባየ እንደ ድሮው ለሦስት ሰው ትሪ አቅርቦ ያንቺን ወገን እንደሚያየው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ምናልባት አንድ ቀን አልናደድም ይሆናል። ዘንድሮ ግን እንዳትጠብቂኝ። ስንወርድ መሀል ላይ የምነዳው እኔ ነኝ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እኔ መሀል። ተነጋግረናል፣ ሁለቱም እሺ ብለዋል፣ እየሳቁብኝ ቢሆንም።

ደወሉ የኔ ብስክሌት ላይ ነው የሚታሰረው፣ እትዬ ዘሀራ ሰጥታኛለች። ጉሙ ውስጥ ስንገባ በየእጥፋቱ አንድ ጊዜ እደውላለሁ። ለነሱ አይደለም፣ እነሱማ ሲያወሩ ይሰማሉ። አሥር ወር ሙሉ አንቺ ብትጠሪ እኔ አቤት ለማለት ጆሮዬን አቁሜ ኖርኩ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው። የምልሽ ይቺኑ ብቻ ነው፦ አለሁ። ጉሙ ሲከፈት ባሕሩን ላንቺም አይልሻለሁ፣ ፍሬንም እይዛለሁ፣ አንቺ በያዝሽበት ቦታ። ሳረጅም በየዳገቱ፣ በየመንገዱ፣ ብስክሌት ባየሁ ቁጥር እደውልልሻለሁ።

መልስ አልጠብቅም። ግን ጆሮዬን አልደፍንም።

ያቺው እሳት ልጅሽ፣ ከላሊበላ